ሰባ አምስት ዓመት የነገሠ ቁጥር

ውድ አንባቢ፣ ለዛሬው ጨዋታችን የመረጥኩት አንድ ቁጥር ነው። አይደንግጡ፣ ፈተና የለውም። ቁጥሩ ይኸውልዎ፦

170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727

ባለ 39 አሃዝ ነው። አገኛኘቱን ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ይረዳዋል። ከ1 ይነሡና 127 ጊዜ እጥፍ ያድርጉ፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያሉ ማለት ነው። ከደረሱበት ላይ 1 ይቀንሱ። በቃ፣ ያ ነው። የቁጥሩ ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። እንዲህ ያለውን ፈረንጆቹ ፕራይም፣ የእኛ የሒሳብ መጻሕፍት ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ብቸኛ ናቸው። 15 ግን 3 ጊዜ 5 ስለሆነ ብቸኛ አይደለም።

ከ1876 እስከ 1951 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለ75 ዓመታት ነገሠ ማለት ነው። ያለ ማሽን፣ በሰው እጅ ሥራ ብቻ ከተረጋገጡት ብቸኛ ቁጥሮችም እስከ ዛሬ ትልቁ እርሱ ነው። ያረጋገጠው ኤድዋርድ ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። እኔም ዛሬ ታክሲ ብነዳ፣ አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርኩና ለዚህ ሰው ማድላቴን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

ለመሆኑ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር አካፋይ እንደሌለው በምን ያውቃል? ትንሽ ቁጥር ሲሆን አካፋዮቹን አንድ በአንድ መሞከር ነው። ለ127 ለምሳሌ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ11 ሞክረን ሁሉም እምቢ ካለ ሥራው አለቀ፤ ቀጣዩ 13 በራሱ ሲባዛ ከ127 ስለሚያልፍ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። በዚያው መንገድ ወደ ባለ 39 አሃዙ ከሄድን ግን የምንሞክራቸው ቁጥሮች ከ13 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ይሆናሉ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚያካፍል ማሽን ቢኖረንና ሁሉንም ብንሞክር ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ሉካስ ይህ ማሽን አልነበረውም፣ 400 ዓመትም አልኖረም። እና እንዴት አወቀ?

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ነገሩ ከየት እንደተነሣ ባጭሩ ልንገርዎ። የጥንቶቹ ግሪኮች «ፍጹም ቁጥር» የሚሉት ነበራቸው። 6ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት፣ ከራሱ ሌላ፣ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ 6ን መልሰው ይሰጡናል። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ይሆናሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ እግዚአብሔር ዓለምን በ6 ቀን የፈጠረው 6 ፍጹም ቁጥር ስለሆነ ነው እስከማለት ደርሷል። ዩክሊድ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት እንዳሳየው፣ እጥፍ እያደረግን ሄደን 1 ስንቀንስ ብቸኛ ቁጥር ካገኘን ከዚያው ፍጹም ቁጥር ይወጣል። 3 ጊዜ 2፣ 6 ነው፤ 7 ጊዜ 4፣ 28 ነው፤ 31 ጊዜ 16፣ 496 ነው። ስለዚህ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሁሉ «ስንት ጊዜ ባጥፍ ነው ብቸኛ የማገኘው?» እያለ ሲጠይቅ ኖረ።

በ1644 በፓሪስ ይኖር የነበረ ማራን ሜርሴን የተባለ መነኩሴ መልስ አለኝ ብሎ ብቅ አለ። ሜርሴን ከዴካርት፣ ከፌርማና ከጋሊሌዮ ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ፖስታ ቤት የሚሉት ዓይነት ሰው ነበር። እስከ 257 እጥፍ ድረስ ብቸኛ የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ሲል ጻፈ። እንዴት እንዳወቀ አልገለጠም። ከጊዜ በኋላ ሲመረመር 67 እና 257 በስሕተት የገቡ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ የተረሱ ሆነው ተገኙ። 127ን ግን አላሳሳተም። እንዲያም ሆኖ ቁጥሮቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ፤ ግምት ያለ ማረጋገጫ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

በ1772 ታላቁ ኦይለር የ31ኛውን እጥፍ ቁጥር፣ ማለትም 2,147,483,647ን፣ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። በ1811 ፒተር ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ይህን ቁጥር ጠቅሶ፣ ከእንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም፣ ምክንያቱም እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ያህል እንጂ ለምንም አይጠቅሙም፣ ማንም አይደክምባቸውም አለ። ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይሠራልናል?» ይሉኝ ነበር፤ ባርሎን ሳነብ እነርሱ ይመጡብኛል። አሁን ግን የሆነውን ይመልከቱ። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሴኮንድ ሲሆን፣ በአሮጌው አሠራር ቆጠራው ሊይዘው የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር ይኸው የኦይለር 2,147,483,647 ነው። የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ይውላል። ያልታደሱ ማሽኖች ካሉ በዚያች ቅጽበት ቀኑ ይጠፋባቸዋል። ባርሎ አይጠቅምም ያለውን ቁጥር ነው መሐንዲሶች ዛሬ ለማለፍ የሚሯሯጡት።

ወደ ሰውዬአችን እንመለስ። ሉካስ በ1842 በሰሜን ፈረንሳይ በአሚየን ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሠራ፤ በ1870 ከፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ፤ ከዚያ በኋላ በሙለን፣ ቀጥሎም በፓሪስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ጨዋታ ወዳድ ነበር። የሃኖይ ግንብ የሚባለውን፣ ዲስኮችን ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው እያዘዋወሩ የሚጫወቱትን የሕፃናት መጫወቻ በ1883 ያወጣው እርሱ ነው። ያንን መጫወቻ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ ብዛት ደግሞ በትክክል የእጥፍ ቁጥር ሲቀነስ 1 ነው፤ በ3 ዲስክ 7፣ በ5 ዲስክ 31፣ በ127 ዲስክ ቢሞክሩት ከላይ የጻፍኩልዎ ባለ 39 አሃዝ።

የሉካስ ዘዴ አካፋይ አይፈልግም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ራሱን ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ቁጥሩም በቀሪው ይመልሳል። እርሳስ ካለዎ አብረን እንሥራው። የሚመረመረው የ7ኛው እጥፍ ቁጥር፣ 127፣ ይሁን። በ3 ይጀምሩ። በራሱ ያባዙት፣ 2 ይቀንሱለት፣ ለ127 ያካፍሉና ቀሪውን ብቻ ይያዙ። ከእጥፎቹ ብዛት 2 ጎድሎ የቀረውን ያህል፣ ማለትም 5 ጊዜ፣ ይደጋግሙት። መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

3 በ3፣ 9፤ ሲቀነስ 2፣ 7። 7 በ7፣ 49፤ ሲቀነስ 2፣ 47። 47 በ47፣ 2,209፤ ሲቀነስ 2፣ 2,207፤ ለ127 ሲካፈል 48 ይተርፋል። 48 በ48 ሲቀነስ 2፣ 2,302፤ ቀሪው 16። 16 በ16 ሲቀነስ 2፣ 254፤ ይህ 127 ሁለት ጊዜ ስለሆነ ቀሪው ዜሮ! አምስት እርምጃ፣ አንድም አካፋይ ሳንሞክር፣ 127 ብቸኛ መሆኑን ነገረን።

አሁን የ11ኛውን እጥፍ ቁጥር፣ 2,047ን፣ በዚያው መንገድ ይጠይቁት። 3፣ 7፣ 47፣ 160፣ 1,034፣ 620፣ 1,609፣ 1,471 እያለ ይሄድና እንደገና 160 ላይ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ እንደ አውድማ በሬ ሲዞር ይኖራል እንጂ ዜሮን አያገኝም። ስለዚህ 2,047 ብቸኛ አይደለም። በእርግጥም 23 ጊዜ 89 ነው። ልብ ይበሉ፣ ፈተናው 23ንም 89ንም አልነገረንም፤ ብቸኛ አለመሆኑን ብቻ ነው የነገረን። (በ3 መጀመር የሚሠራው የእጥፎቹ ብዛት ለ4 ሲካፈል 3 ለሚተርፈው ነው፤ 7፣ 11 እና 127 እንዲያ ናቸው። በ1930 አሜሪካዊው ዴሪክ ሌህመር ዘዴውን አጥርቶ በ4 እየተጀመረ ከ2 በቀር ለሌሎቹ ብቸኛ የእጥፍ ብዛቶች በሙሉ እንዲሠራ አድርጎታል። ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።)

ለባለ 39 አሃዙ እርምጃው 125 ብቻ ነው። 125 ጊዜ ማባዛትና ማካፈል! ከ13 ቢሊዮን ቢሊዮን ወደ 125 ወረድን። ግን አይቅለልብዎ፤ ባለ 39 አሃዝን በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ባለ 77 አሃዙን ለባለ 39 አሃዝ ማካፈል፣ ይህንንም አንዲት ስሕተት ሳይሠሩ መደጋገም የሰው ልጅ ትዕግሥት የሚችለው አይመስልም። ሉካስ ለዚህም መላ ነበረው። ሒሳቡን በሰንጠረዥ ገበታ ላይ አደረገው።

ይህን ለመረዳት የራሳችን አገር ነገር ይረዳናል። በእንግሊዝኛ በተጻፉ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» እየተባለ የሚጠቀስ ዘዴ አለ፤ ሌሎች የግብፆች ወይም የሩሲያ ገበሬዎች ይሉታል። 13ን በ24 ለማባዛት አንዱን እያጋመሱ ግማሹን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይላሉ፤ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ጎዶሎ ቁጥር ካለበት አንጻር ያሉትን፣ 24ን፣ 96ን እና 192ን፣ ይደምራሉ፤ 312። ይህ የሚሠራው 13 ማለት 8፣ 4 እና 1 ስለሆነ ነው። ማንኛውም ቁጥር ከእጥፎች ሊገነባ ይችላል፤ እያንዳንዷ እጥፍ ወይ አለች ወይ የለችም። እንግዲህ ገበታው ላይ ጠጠር ያለበት ቤት «አለች»፣ ባዶው ቤት «የለችም» ማለት ነው። 127 ቤት በአንድ ረድፍ ቢደረደር ባለ 39 አሃዙ ቁጥር ሁሉንም ቤት ጠጠር የሞላ ረድፍ ይሆናል።

ቁጥርን በራሱ ማባዛት ማለት ያንኑ ረድፍ ለእያንዳንዱ ጠጠር አንድ ጊዜ፣ ወደ ግራ እየገፉ፣ ከሥር መደርደር ነው፤ ለዚህ ነው 127 በ127 የሆነ ገበታ የሚያስፈልገው። ከዚያ ዓምዱን ከላይ ወደ ታች መሰብሰብ፤ ሁለት ጠጠር ባንድ ቤት ከተገናኙ አንዱ ይነሣና ሌላው ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል። ገበጣ የተጫወተ ሰው እጁ ያውቀዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ማካፈሉ ነው፤ ጭራሽ የለም! 2,207ን ለ999 ለማካፈል 2ን አንሥቶ 207 ላይ መደመር እንደሚበቃ፣ ቀሪውም 209 እንደሆነ ያስተውሉ፤ 1,000 ከ999 የሚበልጠው በ1 ብቻ ስለሆነ ነው። እዚህም እንደዚያው፣ ከ127ኛው ቤት አልፎ የሚወድቅ ጠጠር ዞሮ 1ኛው ቤት ይገባል። አለቀ። ቁጥሩ የእጥፍ ቁጥር ሲቀነስ 1 በመሆኑ ብቻ የሒሳቡ ግማሽ ድካም ጠፋ። ትላልቆቹ ብቸኛ ቁጥሮች እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከዚህ ቤተሰብ የሚገኙትም ስለዚህ ነው እንጂ ሌላ ቦታ ስለሌሉ አይደለም፤ ዩክሊድ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ገና ድሮ አሳይቷል።

ሉካስ ውጤቱን በ1876 አስታወቀ። በዚያው ዓመት የሜርሴን 67 ስሕተት መሆኑንም ተናገረ፤ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፣ አካፋዮቹ ግን እነማን እንደሆኑ አላገኘም። ሰው በር ሳይከፍት ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ እንደማወቅ ነው። አካፋዮቹ እስኪገኙ 27 ዓመት ፈጀ። በኦክቶበር 1903 በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ወደ ጥቁር ሰሌዳው ወጣ። እንደሚተረከው ከሆነ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በአንድ በኩል 2ን 67 ጊዜ አጥፎ 1 ቀነሰ፤ 147,573,952,589,676,412,927። በሌላ በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 በእጁ አባዛ። ሁለቱ አንድ ሆኑ፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ ይባላል። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ቢሉት የሦስት ዓመት እሑዶች ብሏል ተብሎም ይነገራል። እኔ ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ ይህችን ማባዛት በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠርቻታለሁ፤ ወረፋው ሳይደርሰኝ ጨረስኳት። ለማግኘት ሦስት ዓመት፣ ለማጣራት ግማሽ ሰዓት! በኢንተርኔት የባንክ ካርድ ቁጥራችንን ከሚጠብቁት መቆለፊያዎች አንዱ የተሠራው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው፤ ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜታቸውን መልሶ መፍታት ግን እጅግ ከባድ ነው።

ሉካስ የኮልን ቀን አላየም። በ1891 በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ግብዣ ላይ አስተናጋጅ ሳሕን ጣለ፣ ስባሪው ተፈናጥሮ ጉንጩን ቆረጠው፤ ቁስሉ አመርቅዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ49 ዓመቱ ሞተ።

ሜርሴን የረሳቸውን ሦስቱን ያገኙት እነማን እንደሆኑ ደግሞ ይስሙኝ። የ61ኛውን እጥፍ ቁጥር፣ ባለ 19 አሃዙን፣ በ1883 ብቸኛ መሆኑን ያሳየው ኢቫን ፔርቩሺን ነው፤ በኡራል ተራሮች አካባቢ በገጠር ደብር የሚያገለግል የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቄስ። ከቅዳሴና ከፍታት በተረፈው ጊዜ የሠራው ያ ቁጥር ዛሬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ውስጥ ገብቶ፣ በዓለም ዙሪያ በየሴኮንዱ ቁጥር ለመደልደል ያገለግላል። የ89ኛውን በ1911፣ የ107ኛውን በ1914 ያረጋገጠው ራልፍ ፓወርስ ደግሞ በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። መምህር፣ ቄስ፣ የባቡር ሠራተኛ፤ እንጀራቸው ሌላ ቦታ የነበረ ሰዎች ናቸው። ከመካከላችሁ ቀን ፓርኪንግ ጠብቆ፣ ማታ መጽሐፍ የሚገልጥ ካለ ይህን የጻፍኩት ለእርሱ ጭምር ነው።

ንግሥናው በ1951 አበቃ። መጀመሪያ ኤሜ ፌርዬ የተባለ ሰው በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና እየታገዘ ባለ 44 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ሚለርና ዊለር በኮምፒዩተር ባለ 79 አሃዝ አወጡ። የሚገርመው፣ የእነርሱ ቁጥር የተሠራው ከሉካስ ቁጥር ነው፤ እርሱን በራሱ አባዝተው፣ በ180 አባዝተው፣ 1 ጨምረውበት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1952 ራፋኤል ሮቢንሰን የጻፈው ፕሮግራም በሎስ አንጀለስ በነበረ ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ቀን ውስጥ የ521ኛውንና የ607ኛውን እጥፍ ቁጥር ብቸኛነት አረጋገጠ። ዘዴው የመምህሩ የሉካስ ነበር። በ1978 የ18 ዓመት ወጣቶች የነበሩት ሎራ ኒክልና ላንደን ኖል በካሊፎርኒያ ባለ 6,533 አሃዝ አገኙ። በኦክቶበር 2024 የታወጀው ደግሞ 136,279,841 ጊዜ ከታጠፈ ቁጥር 1 ሲቀነስ የተገኘ ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው። ያገኘው ሉክ ዱራንት በ17 አገሮች የተበተኑ ማሽኖችን አስተባብሮ ነበር፤ ደብሊን ያለው ማሽን ጠቆመ፣ ቴክሳስ ያለው በሉካስና በሌህመር ፈተና አረጋገጠ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በዚያው በ1876 ዩጂን ካታላን የተባለ የቤልጅግ ሒሳብ ሰው የሉካስን ውጤት ሲያይ አንድ ሰንሰለት ታየው። 2 ጊዜ አጥፈን 1 ስንቀንስ 3፣ ብቸኛ። 3 ጊዜ አጥፈን ስንቀንስ 7፣ ብቸኛ። 7 ጊዜ ስናጥፍ 127፣ ብቸኛ። 127 ጊዜ ስናጥፍ የእኛ ባለ 39 አሃዝ፣ ብቸኛ። ታዲያ ባለ 39 አሃዙን ያህል ጊዜ አጥፈን 1 ብንቀንስስ? ያ ቁጥር የአሃዞቹ ብዛት ብቻ 51 ተጽፎ 36 ዜሮ የሚከተለው ያህል ነው፤ የሚጻፍበት ወረቀትም፣ የሚይዘው ማሽንም የለም። በሉካስ ዘዴ ለመመርመር የሚያስፈልጉት እርምጃዎች ባለ 39 አሃዙ ራሱ ሲቀነስ 2 ናቸው፤ በሴኮንድ ቢሊዮን እርምጃ ቢሄዱ ከ5 ቢሊዮን ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይወስዳል። ካታላን ከጠየቀ ወዲህ 75 ዓመት ሁለት ጊዜ ያህል አልፏል፤ ብቸኛ ነው ያለም፣ አይደለም ያለም፣ ያረጋገጠ ሰው ግን የለም።